ፕሮሚቲየስና ግራፋና በአነስተኛ የሰርቨር ክፍል፦ የአፈጻጸም መከታተያ መሣሪያዎች ግምገማ

«ሲስተም የለም» የሚለው መልስ በባንክ፣ በሆስፒታልና በመንግሥት መሥሪያ ቤት መስኮት ሁሉ የተለመደ ሆኗል። ባለጉዳይ በማግስቱ እንዲመለስ ይነገረዋል፣ ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፣ የኮምፒውተር ባለሙያውም ሰርቨሩን አጥፍቶ ያስነሣዋል። ሰርቨሩ ሲነሣ ሥራው ይቀጥላል፤ ነገር ግን ችግሩ ምን እንደነበረ የሚያሳየው ማስረጃ ከሜሞሪው ጋር አብሮ ስለሚጠፋ፣ ያው ችግር በሳምንቱ ወይም በወሩ ተመልሶ ይመጣል። እዚህ የምገመግማቸው ፕሮሚቲየስና ግራፋና የተባሉት መሣሪያዎች በእኔ አስተያየት ትልቁ ጥቅማቸው ይህን ማስረጃ ማቆየታቸው ነው። ሰርቨሩ ከመውደቁ በፊት በነበሩት ሰዓታት ፕሮሰሰሩ፣ ሜሞሪው፣ ዲስኩና ኔትወርኩ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበሩ መዝግበው ስለሚያስቀምጡ፣ በማግስቱ የሚደረገው ውይይት በግምት ሳይሆን በልኬት ላይ ይመሠረታል። የምጽፈው ጥቂት የሊኑክስ ሰርቨሮችና አንድ ሁለት የዊንዶውስ ማሽኖች ባሉበት የቢሮ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ተክዬና ተጠቅሜባቸው ካየሁት በመነሣት ነው።

በሊኑክስ ላይ የሚሠራ ባለሙያ ሁሉ የማሽኑን ሁኔታ በስክሪን ላይ የሚያሳዩትን ቶፕንና ኤችቶፕን ያውቃል። ሁለቱም ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው፤ የሚያሳዩት ግን ያለንበትን ቅጽበት ብቻ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሆነውን ነገር ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሮ የገባ ሰው ከቶፕ ሊያገኘው አይችልም። ሲስስታት በሚባለው ጥቅል ውስጥ ያለው «ሳር» የተባለው ትእዛዝ ታሪክ ይመዘግባል፤ አንድ ሰርቨር ብቻ ላለው ሰው ዛሬም ቢሆን እሱን እንዲጭን እመክራለሁ። ሆኖም መዝገቡ የሚቀመጠው በዚያው በሚለካው ማሽን ላይ በመሆኑ፣ ማሽኑ ጨርሶ ካልተነሣ ታሪኩም አብሮት ይታሰራል፤ የበርካታ ሰርቨሮችን ሁኔታ ጎን ለጎን አድርጎ ለማየትም አይመችም።

ፕሮሚቲየስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 በርሊን በሚገኘው ሳውንድክላውድ በተባለው የድምፅና የሙዚቃ አገልግሎት ድርጅት ውስጥ ነው። ጀማሪዎቹ ማት ፕራውድና ጁሊየስ ቮልዝ ቀደም ሲል በጉግል የሠሩ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ የተነሡበትም ሐሳብ ጉግል ለራሱ ሰርቨሮች ይጠቀምበት ከነበረው ቦርግሞን ከተባለው መከታተያ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በይፋ ከተዋወቀ በኋላ በ2016 በብዙ ሰርቨሮች ላይ ፕሮግራሞችን ከሚያስተዳድረው ከኩበርኔትስ ቀጥሎ ሁለተኛው ፕሮጀክት ሆኖ የክላውድ ኔቲቭ ኮምፒውቲንግ ፋውንዴሽንን ተቀላቅሏል። ግራፋና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ስዊድናዊው ቶርከል ኦዴጋርድ ኪባና 3 ከተባለው ሶፍትዌር ቀድቶ ያሳደገው የሥዕላዊ መግለጫ መሣሪያ ነው። የሁለቱም ኮድ ክፍት ነው፤ ለመጠቀም የሚከፈል የፈቃድ ክፍያ የለም። ለሶፍትዌር ፈቃድ የውጭ ምንዛሪ መጠየቅና መጠበቅ ግድ በሚሆንበት መሥሪያ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሠራሩን አስቀድሞ መረዳት ለተከላው ይጠቅማል። በሚለካው ሰርቨር ላይ ኖድ ኤክስፖርተር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ይቀመጣል፤ ይህ ፕሮግራም የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ክፍል) ስለራሱ የሚያወጣቸውን ቁጥሮች ሰብስቦ በ9100 ፖርት (የኔትወርክ መግቢያ ቁጥር) ላይ እንደ ተራ የድረ ገጽ ጽሑፍ ያቀርባል። ፕሮሚቲየስ በተወሰነለት ጊዜ እየመጣ ያንን ገጽ ያነባል፣ ቁጥሮቹንም ከሰዓታቸው ጋር በራሱ መዝገብ ያስቀምጣል። ይህ አካሄድ፣ ማለትም ሰርቨሩ ልኬቱን እስኪልክ ከመጠበቅ ይልቅ መከታተያው ራሱ ሄዶ መጠየቁ፣ አንድ ግሩም ጥቅም አለው፦ ሰርቨሩ መልስ ካልሰጠ አለመመለሱ ራሱ «አፕ» በተባለው ልኬት ላይ ዜሮ ሆኖ ይመዘገባል። ልኬት በሚጠብቁ ሥርዓቶች ዘንድ ዝም ያለ ሰርቨር ደኅና ይሁን የሞተ ለመለየት ተጨማሪ ዘዴ ያስፈልጋል፤ እዚህ ግን ዝምታው ወዲያውኑ ይታያል።

ተከላው ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። ፕሮሚቲየስም ሆነ ኖድ ኤክስፖርተር «ጎ» በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ፣ ሌላ ምንም ጥቅል የማይጠይቁ፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ፋይል የሚሄዱ ፕሮግራሞች ናቸው። የፕሮሚቲየስ የታመቀ ፋይል መቶ ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ ኖድ ኤክስፖርተር ከዚያ እጅግ ያንሳል። ስለዚህ ሰርቨሮቹ ከኢንተርኔት ጋር በማይገናኙበት ወይም ኮኔክሽን በሚያስቸግርበት ቢሮ ፋይሎቹን ሌላ ቦታ አውርዶ በፍላሽ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ በመካከል የጎደለ ጥቅል ፍለጋ ተመልሶ የሚያስኬድ ነገር የለም። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ተጠቃሚ መፍጠር፣ የሊኑክስን አገልግሎቶች በሚያስነሣው በሲስተምዲ ውስጥ አገልግሎት አድርጎ መመዝገብና ሰርቨሩ ሲነሣ አብሮ እንዲነሣ ማዘዝ ያስፈልጋል። ጀማሪን የሚያደናቅፈው የኮንፊግሬሽን ፋይሉ ነው። ያምል በተባለው አጻጻፍ ስለሚዘጋጅ አንድ ባዶ ቦታ ከመስመሩ ከወጣ ወይም በባዶ ቦታ ፈንታ ታብ ከገባ ፋይሉ አይነበብም። ከፕሮሚቲየስ ጋር የሚመጣው ፕሮምቱል የተባለው ረዳት ፋይሉን ፈትሾ ስሕተቱ ያለበትን መስመር ስለሚናገር፣ አገልግሎቱን ከማስነሣት በፊት ሁልጊዜ በእሱ ማስፈተሽ ይገባል።

ልኬቱ በየስንት ጊዜው ይነበብ የሚለውም መወሰን አለበት። ምንም ካልተጻፈ ፕሮሚቲየስ በየ1 ደቂቃው ያነባል፤ ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጣው የናሙና ፋይል ደግሞ በየ15 ሰከንዱ እንዲሆን ያዛል። ለዳታቤዝ ሰርቨር 15 ሰከንድ፣ ለሌሎቹ 30 ሰከንድ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለመከታተያው ማሽንም አዲስ ሰርቨር መግዛት አያስፈልግም፤ ሁለት ኮርና 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው፣ ከሥራ የተመለሰ ኮምፒውተር ይበቃዋል። ዋናው ነገር ከሚከታተላቸው ሰርቨሮች የተለየ ማሽን መሆኑ ነው፤ በዚያው ሰርቨር ላይ በተከፈተ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ የተቀመጠ መከታተያ በሚያስፈልግበት ሰዓት አብሮ ይወድቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ኖድ ኤክስፖርተር ከአንድ ማሽን ላይ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጡ ተከታታይ ልኬቶችን ያወጣል። ከእነዚህ ውስጥ በየዕለቱ ሊታዩ የሚገባቸው ከአሥራ አምስት አይበልጡም፤ የመሣሪያው ጥቅም የሚወሰነውም እነዚህን በመምረጥና በትክክል በማንበብ ነው። የአፈጻጸም ጥናት ሊቅ የሆነው ብሬንዳን ግሬግ ለዚህ የሚሆን ጥሩ መመሪያ አለው፦ ስለ እያንዳንዱ የማሽኑ ክፍል ምን ያህል ሥራ ላይ እንደዋለ፣ ምን ያህል ሥራ ተራ እየጠበቀ እንደተሰለፈና ስሕተት መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ነው። ብዙ ሰው የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ ስንት በመቶ እየሠራ እንደሆነ ይመለከትና 30 በመቶ ካየ «ሰርቨሩ ደኅና ነው» ይላል፤ ተጠቃሚውን የሚያንገላታው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰልፉ ነው።

የፕሮሰሰር ልኬት በፕሮሚቲየስ ውስጥ በመቶኛ አይመጣም። ልክ እንደ ቤት የመብራት ቆጣሪ ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ቁጥር ነው፤ ፍጆታውን ለማወቅ የአሁኑን ንባብ ከቀደመው መቀነስ ያስፈልጋል፤ ይህንንም «ሬት» የተባለው ትእዛዝ ይሠራል። አዲስ ተጠቃሚ መጀመሪያ ግር የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ ፕሮምኪውኤል የተባለውን የመጠየቂያ ቋንቋ ለመልመድም ትዕግሥት ይጠይቃል። ነገር ግን ቆጣሪው በየዓይነቱ ስለሚቆጥር ትዕግሥቱ ፍሬ አለው፦ ፕሮሰሰሩ ለተጠቃሚ ፕሮግራም የሠራበት፣ ለከርነሉ የሠራበት፣ ዲስክ ሲጠብቅ ሥራ ፈትቶ ያሳለፈው ጊዜ ሁሉ ለየብቻ ይታያል። ቨርቹዋል ማሽን የተከራየ ሰው ደግሞ «ስቲል» የተባለውን ሊያይ ይገባል፤ ይህ ልኬት ማሽኑ ለመሥራት ተዘጋጅቶ ሳለ አስተናጋጁ ሰርቨር ለሌሎች ደንበኞች የሰጠበትን ጊዜ ያሳያል። ከፍ ብሎ ከታየ ጥፋቱ ከእርሱ ፕሮግራም ሳይሆን ከአከራዩ በኩል መሆኑን በማስረጃ ሊናገር ይችላል።

ሜሞሪን በተመለከተ ብዙ ጊዜ አላስፈላጊ ድንጋጤ አያለሁ። ሊኑክስ ሥራ ያጣውን ሜሞሪ ሁሉ ከዲስክ የተነበቡ ፋይሎችን ለማቆየት ስለሚጠቀምበት፣ «ነፃ» የሚለው ቁጥር ጤነኛ በሆነ ሰርቨር ላይም ዝቅተኛ ነው። መታየት ያለበት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው ከርነል 3.14 ጀምሮ የተጨመረው፣ ለአዳዲስ ፕሮግራሞች ሊሰጥ የሚችለውን የሜሞሪ መጠን የሚገምተው ልኬት ነው። ሎድ አቬሬጅ የሚባለውም እንዲሁ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በሊኑክስ ላይ ይህ ቁጥር ፕሮሰሰር የሚጠብቁትን ብቻ ሳይሆን ዲስክ ሲጠብቁ የማይቋረጥ እንቅልፍ ውስጥ የገቡትን ሥራዎችም ስለሚቆጥር፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ሳለ ቁጥሩ ሊያሻቅብ ይችላል። ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን የጫና መለኪያ የሚባለው፣ ከከርነል 4.20 ጀምሮ የገባውና ኖድ ኤክስፖርተር በቀጥታ የሚያነበው ልኬት ነው። ሥራዎች በፕሮሰሰር፣ በሜሞሪ ወይም በዲስክ እጥረት ምክንያት ቆመው የጠበቁበትን ጊዜ ለየብቻ ስለሚናገር፣ የትኛው ክፍል እንደጠበበ በአንድ እይታ ለመለየት ያስችላል።

ይህ በተግባር ምን እንደሚያስገኝ የሚያሳይ አንድ ጉዳይ ላንሣ። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሒሳብ ሶፍትዌሩ በአንዳንድ ቀናት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ድረስ እጅግ ይጎትት ነበር። የተለመደው መፍትሔ ቀርቦ፣ ተጨማሪ ሜሞሪና አዲስ ፕሮሰሰር ይገዛ የሚል ሐሳብ ተጽፎ ነበር። ግራፎቹ ሲታዩ ግን ፕሮሰሰሩ ከሩብ በታች እየሠራ፣ ሜሞሪውም ተርፎት ሳለ፣ ዲስኩ ያለማቋረጥ ተይዞ የዲስክ ጫናው ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህም ቢሆን ለምን በአንዳንድ ቀናት ብቻ የሚለውን አይመልስም። መልሱ የመጣው የዲስኩን ግራፍ ሰርቨሩ የተነሣበትን ሰዓት ከሚያሳየው ልኬት ጋር አንድ ላይ በማስቀመጥ ነው፦ መጎተቱ የሚከሰተው ሌሊት መብራት ጠፍቶ ባደረባቸው ቀናት ጠዋት ብቻ ነበር። ባክአፑ ሌሊት እንዲሠራ የተያዘለት ፕሮግራም፣ ሰዓቱ ካለፈው ሰርቨሩ እንደተነሣ እንዲያካክስ ታዝዟል፤ ስለዚህ ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረው ሰርቨር ጠዋት ሲነሣ ሙሉውን ዳታቤዝ በሥራ ሰዓት ይገለብጥ ነበር። ሰዓቱ ያለፈበት ባክአፕ እስከ ምሽት እንዲጠብቅና በዲስክ አጠቃቀም ዝቅተኛ ተራ እንዲይዝ ተደረገ፤ ግዢውም ቀረ። ሁለቱ ልኬቶች በአንድ የጊዜ መስመር ላይ ባይገናኙ ኖሮ ገንዘቡ ወጥቶ ችግሩ በቦታው ይቀጥል ነበር።

ግራፍ ማየት ግን ሰው ፊት ለፊቱ መቀመጥን ይጠይቃል፤ ሌሊት ደግሞ የሚቀመጥ ሰው የለም። የማስጠንቀቂያው ሥራ የአለርትማኔጀር ነው። ፕሮሚቲየስ የተሰጠውን ደንብ እየመረመረ አንድ ሁኔታ ለተወሰነ ጊዜ ሲቆይ ለአለርትማኔጀር ይነግራል፤ እርሱም በተመደበው መንገድ መልእክቱን ያደርሳል። ከ0.24 ቅጂ ጀምሮ ቴሌግራምን በቀጥታ ስለሚያውቅ፣ በአገራችን ላለው ተጠቃሚ ይህ ከኢሜል እጅግ የተሻለ ነው፤ ቦትፋዘር በተባለው የቴሌግራም አገልግሎት ቦት ከፍቶ ቁልፉንና የግሩፑን ቁጥር መስጠት ይበቃል። ብዙዎች የማይሞክሩት አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጠቁም፦ የማስጠንቀቂያው መግለጫ በአማርኛ ሊጻፍ ይችላል። «የደመወዝ ሰርቨር ዲስክ በዚህ አካሄድ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሞላል፤ የቆዩ ሎጎችን ያጽዱ» የሚል መልእክት ለሌሊት ተረኛው ሲደርሰው፣ ተረኛው ከፍተኛ ባለሙያ ባይሆንም ምን ማድረግ እንዳለበት ወይም ማንን መቀስቀስ እንዳለበት ያውቃል።

ይህ የ24 ሰዓት ትንበያ የፕሮሚቲየስ ጥሩ ባሕርይ ነው። «ፕሬዲክት ሊኒየር» የተባለው ትእዛዝ ያለፉትን ሰዓታት አካሄድ ተከትሎ ቦታው መቼ እንደሚያልቅ ያሰላል። ዲስኩ 90 በመቶ ሲሞላ አስጠንቅቅ ከሚለው የተለመደ ደንብ ይልቅ ይህ ይሻላል፤ ምክንያቱም 92 በመቶ ላይ ለዓመታት የቆመ ዲስክ አያሰጋም፣ 60 በመቶ ላይ ሆኖ በየሰዓቱ 5 በመቶ የሚጨምር ዲስክ ግን ከነገ በፊት ሰርቨሩን ያቆመዋል። ከባዶ ቦታው ጋር የፋይል መመዝገቢያ ቁጥሮቹ እንዳያልቁ መከታተልም ያስፈልጋል፤ እጅግ ብዙ ትናንሽ ፋይሎች የሚፈጥር ፕሮግራም ካለ፣ ዲስኩ ቦታ እያለው አዲስ ፋይል አልቀበልም ሊል ይችላል። ከዚህ ሌላ ባክአፕ የሚሠራው ስክሪፕት በተሳካ ቁጥር ሰዓቱን በአንድ የጽሑፍ ፋይል እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል፤ ኖድ ኤክስፖርተር ፋይሉን ያነበዋል፣ 26 ሰዓት ሙሉ አዲስ ባክአፕ ካልተመዘገበም ማስጠንቀቂያ ይላካል። ሌላውን ሁሉ ለመትከል ጊዜ የሌለው ሰው ይህን አንዱን ብቻ ቢተክል ትልቅ ሥራ ሠርቷል እላለሁ።

የማስጠንቀቂያ ብዛት ግን ይጎዳል። ሰው ሊያደርግበት የሚችለው ነገር የሌለ መልእክት በሌሊት መላክ የለበትም፤ በየሰዓቱ የሚጮኽ ግሩፕ በሳምንቱ ድምፁ ይዘጋል፣ እውነተኛው አደጋ ሲመጣም የሚያነበው አይኖርም። አለርትማኔጀር ለዚህ ያለው ዝግጅት የሚደነቅ ነው። የኔትወርክ ስዊቹ ከወደቀ ከኋላው ያሉትን ሰርቨሮች ሁሉ ስለሚያስጠፋ፣ የስዊቹ መልእክት ሌሎቹን እንዲያፍን ማዘዝ፣ በአንድ ጊዜ የመጡትንም በአንድ መልእክት መጠቅለል ይቻላል።

የመብራትና የኔትወርክ መቆራረጥ ባለበት አካባቢ የዚህ መሣሪያ ድክመቶችም በግልጽ ይታያሉ። መከታተያው በጠፋበት ሰዓት ያልተነበበ ልኬት ከዚያ በኋላ አይገኝም፤ ግራፉ ላይ ክፍተት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መከታተያውን ከዩፒኤስ ውጪ ማስቀመጥ ትርጉም የለውም። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ወይም በኔትወርክ የሚነበብ ከሆነ ደግሞ ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ በተባለው ክፍት ሶፍትዌር በኩል የባትሪውን መጠንና የቀረውን ጊዜ ወደ ፕሮሚቲየስ ማስገባት ይቻላል፤ ባትሪው ከዓመት ወደ ዓመት እየደከመ መሄዱን በግራፍ ማየት ለግዢ ክፍል ከሚጻፍ ደብዳቤ ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ነው። ድንገተኛ መጥፋት የፕሮሚቲየስን መዝገብ ብዙውን ጊዜ አያበላሸውም፤ አዲስ ልኬቶችን አስቀድሞ በቅድመ መዝገብ ስለሚጽፍ ሲነሣ ያንን መልሶ አንብቦ ይቀጥላል። ነገር ግን መዝገቡ በራሱ በማሽኑ ዲስክ ላይ መሆን አለበት፤ በኤንኤፍኤስ በተጋራ ፎልደር ላይ ማስቀመጥ በሰነዱም የማይደገፍ ነው።

ቅርንጫፍ ላለው ድርጅት ጉዳዩ ይከብዳል። ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ፕሮሚቲየስ የሩቅ ቅርንጫፍ ሰርቨርን በቀጥታ እንዲያነብ ከተደረገ፣ መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ልኬቱም ይቋረጣል። ከ2.32 ቅጂ ጀምሮ በቅርንጫፉ አንብቦ ወደ ማእከል የሚልክ የወኪል አሠራር አለ፤ መስመር ሲጠፋ ይዞ ያቆያል፣ ሆኖም መቆራረጡ ከሁለት ሰዓት በላይ ከረዘመ ያልተላከው ሊጠፋ ይችላል። በእኔ ምርጫ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሙሉ ትንሽ ፕሮሚቲየስ ማቆምና ከማእከል ሆኖ ሲያስፈልግ በግራፋና ማንበብ ይሻላል። ሌላው አሳሳቢ ነገር ማስጠንቀቂያው ራሱ በኢንተርኔት የሚሄድ መሆኑ ነው፤ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ «ኢንተርኔት ጠፍቷል» የሚለው መልእክት ከሕንፃው አይወጣም። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚላክ አንድ የደኅንነት ምልክት አዘጋጅቶ፣ ከሕንፃው ውጪ ያለ አገልግሎት ምልክቱ ሲቀርበት እንዲጮኽ ማድረግ፣ ወይም ሲም ካርድ በሚቀበል ሞደም በኩል አጭር የጽሑፍ መልእክት የሚልክ መንገድ በተጨማሪ ማዘጋጀት ግድ ይላል።

የመዝገቡ መጠን ሰዎች ከሚፈሩት በታች ነው። በሰነዱ መሠረት አንድ ልኬት በአማካይ ከ1 እስከ 2 ባይት ይይዛል። አምስት ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ተከታታይ ልኬት ቢያወጡና በየ15 ሰከንዱ ቢነበቡ፣ 2 ባይት ተብሎ ሲሰላ በቀን 58 ሜጋባይት ያህል፣ በዓመት ደግሞ 21 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። ይህ በማንኛውም ተራ ዲስክ ላይ ይገባል። ፕሮሚቲየስ ግን ሌላ ካልታዘዘ የሚያቆየው የ15 ቀን ልኬት ብቻ ነው። ከተከላው ቀን ጀምሮ ወደ አንድ ዓመት ከፍ እንዲል እመክራለሁ፤ የወር መጨረሻ የደመወዝ ጫናን ወይም የበጀት መዝጊያ ሰሞንን ካለፈው ጋር ማወዳደር የሚቻለው ታሪኩ ሲኖር ነው።

በደኅንነት በኩል ጠንከር ያለ ወቀሳ አለኝ። ፕሮሚቲየስና ኖድ ኤክስፖርተር እንደተተከሉ የይለፍ ቃል አይጠይቁም፤ 9090ን ወይም 9100ን ፖርት ማየት የቻለ ሰው ሁሉ የሰርቨሮቹን ስም፣ የከርነሉን ቅጂ፣ የዲስኮቹን አከፋፈል ያነባል። የይለፍ ቃልና የተመሰጠረ ግንኙነት መጨመር ይቻላል፣ ግን በራስ ጥረት ነው። ቢያንስ በፋየርዎል 9100ን ለመከታተያው ማሽን ብቻ መክፈትና ፕሮሚቲየስን ከውጭ ኔትወርክ መዝጋት ከተከላው የሚለይ ሥራ ተደርጎ መታየት የለበትም። ግራፋና የተሻለ ነው፤ መለያ ይጠይቃል፣ የመጀመሪያውን የታወቀ የይለፍ ቃል ወዲያውኑ እንዲቀየርም ያሳስባል።

ስለ ግራፋና ራሱ የምለው አጭር ነው፦ ውብ ነው፣ ፈጣንም ነው። በ3000 ፖርት ይከፈታል፣ ፕሮሚቲየስን እንደ ምንጭ ይቀበላል፣ ሌሎች ያዘጋጁትን ዳሽቦርድ (የግራፎች ገጽ) በቁጥሩ ብቻ ያስገባል። 1860 ቁጥር የተሰጠው የኖድ ኤክስፖርተር ዳሽቦርድ የታወቀ ነው፤ ለምርመራ ጥሩ ሲሆን ለዕለት እይታ ግን እጅግ የበዛ ነው። ለዕለት አገልግሎት በአንድ ስክሪን የሚያልቅ፣ የዲስክ ጫና፣ የሚሰጥ ሜሞሪ፣ የቀረ ቦታ፣ የባክአፕ ዕድሜና የዩፒኤስ ባትሪን ብቻ የያዘ የራስ ዳሽቦርድ መሥራት ይሻላል። የገጹ ርእስና የግራፎቹ ስም በአማርኛ ሊጻፉ ይችላሉ፣ በትክክልም ይታያሉ። ሰዓቱንና ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያሳይበት ምርጫ ግን የለውም፤ ግራፉ 20፡00 የሚለው ለእኛ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት መሆኑን ለአዲስ ተረኛ አስቀድሞ ማስረዳት፣ ለኃላፊዎች የሚቀርበውን ወርኃዊ ሪፖርትም ቀኖቹን በእጅ መቀየር ያስፈልጋል።

ሌሎች አማራጮችም መጠቀስ አለባቸው። ስዊቾች፣ ራውተሮችና ፕሪንተሮች የበዙበት ቢሮ ከሆነ ዛቢክስን አስቀድሞ መሞከር ይገባል። በላትቪያዊው አሌክሴይ ቭላዲሼቭ የተጀመረው ይህ ሶፍትዌር መለኪያውን፣ ማስጠንቀቂያውንና ገጹን በአንድ ጥቅል ይዟል፤ የኔትወርክ ዕቃዎች ሁኔታቸውን በሚያሳውቁበት በኤስኤንኤምፒ የሚናገሩ መሣሪያዎችንም ከፕሮሚቲየስ በቀለለ መንገድ ይቀበላል፤ በሌላ በኩል ዳታቤዝ ስለሚፈልግ እሱን መንከባከብ ተጨማሪ ሥራ ነው። ኔትዴታ በየሰከንዱ ስለሚለካ፣ በ15 ሰከንድ ንባቦች መካከል ብቅ ብሎ የሚጠፋውን ጫና ያሳያል፤ አሁን እየተከሰተ ያለን ችግር ለመመርመር እሱን የሚያህል አላየሁም። የዊንዶውስ ሰርቨር ያለው ሰው ደግሞ በ9182 ፖርት የሚሠራውን የዊንዶውስ ኤክስፖርተር ከፕሮሚቲየስ ጋር መጠቀም ይችላል፤ አስተማማኝ ነው። ፕሮሚቲየስ ቁጥር እንጂ ሎግ እንደማይሰበስብም መታወቅ አለበት። መቼና የት እንደሆነ ይነግራል፤ የፕሮግራሙን የስሕተት ጽሑፍ ለማንበብ ግን ወደ ሎጎቹ መሄድ ወይም ሎኪን የመሰለ ሌላ መሣሪያ መጨመር ያስፈልጋል።

ለሚተክሉ ሰዎች ስለ ቅጂዎች አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ሦስተኛው ትውልድ፣ ማለትም 3.0፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ወጥቷል፤ አዲስ የሚጀምር ሰው በቀጥታ ከእሱ መጀመር አለበት። በኡቡንቱ ማከማቻ ውስጥ ያለው ጥቅል ብዙውን ጊዜ የቆየ ስለሆነ፣ ፋይሉን ከፕሮጀክቱ ገጽ ማውረድ ይሻላል። በሁለተኛው ትውልድ ላይ ያለ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ወደ 2.55 አሳድጎ ደኅና መሥራቱን ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ወደ 3.0 ይሻገር፤ የመዝገቡ አቀማመጥ ስለተለወጠ ችግር ቢገጥመው ወደ ኋላ መመለስ የሚችለው እስከ 2.55 ድረስ ብቻ ነው።